ለሃያሉሮኒክ አሲድ ከፍታውን አስሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለቆዳ ቅባት፣ ለዓይን ጠብታና ለጉልበት መርፌ የሚውለው ሃያሉሮኒክ አሲድ በአገራችን ይመረት የሚለውን ሐሳብ ከልብ እንደግፋለን። በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በባክቴሪያ ለማምረት የምታስቡ ግን ከባክቴሪያው ጂን በፊት የቦታውን ከፍታ አስሉ፤ የአመራረት መመሪያዎቹ ቁጥሮች አብዛኞቹ ለባሕር ጠለል የተሰሉ ናቸው።

የባክቴሪያው ምርጫ ቀላል ነው። ስትሬፕቶኮከስ ዙኤፒደሚከስ አሲዱን በተፈጥሮው ይሠራል፤ ነገር ግን ፈረስንም ሰውንም ያሳምማል። ባሲለስ ሰብቲሊስ ጉዳት የለውም፤ ከስትሬፕቶኮከስ የተወሰደው ሃስኤ ጂን (አሲዱን የሚገጣጥመው) ሲገባለትና የራሱ ቱአዲ ጂን (ጥሬ ዕቃውን የሚያዘጋጀው) ሲጠናከርለት ከስኳር ያመርታል።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቃውንና ምግቡን በእንፋሎት ግፊት ከጀርም ከሚያጸዳው ኦቶክሌቭ ነው። የግፊት መለኪያው 15 ፒ.ኤስ.አይ. ሲያሳይ በባሕር ጠለል ሙቀቱ 121 ዲግሪ ነው፤ በባሕር ዳር (1,800 ሜትር) 118፣ በደብረ ማርቆስ 117 ገደማ ብቻ ይሆናል። 121 ለመድረስ ባሕር ዳር 18፣ ደብረ ማርቆስ 19 ፒ.ኤስ.አይ. ያስፈልጋል። ሴፍቲ ቫልቩ (ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው) ይህን መቻሉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከሙቀቱ የተረፈ የአፈር ባሲለስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከራሳችሁ ዝርያ አይለይም፤ ስለዚህ ዝርያችሁ አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ጂን ካለው፣ ናሙናውን አንቲባዮቲክ ባለበትም በሌለበትም ሳህን ላይ አብቅሉትና አወዳድሩ። የባክቴሪያውን ምግብ ስኳሩንና ፕሮቲኑን ለየብቻ ቀቅሉ፤ አብረው ሲቀቀሉ ይጠቁራሉ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ኦክስጅን ነው። ምርቱ እየበዛ ሲሄድ ፈሳሹ እንደ ማር ይወፍራል፣ አየርም አያሳልፍም። በ37 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ጠለል 6.7 ሚሊግራም ኦክስጅን ሲይዝ፣ ባሕር ዳር 5.3 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። የኦክስጅን መለኪያችሁን እዚያው ባሕር ዳር አየር በጠገበ ፈሳሽ 100 ከመቶ እንዲያሳይ ካስተካከላችሁት፣ መመሪያው 30 ከመቶ ያለውን እናንተ ወደ 38 አድርጉት። ኦክስጅን ለመጨመር ማማሰያውን ብቻ ማፍጠን የአሲዱን ረጅም ሰንሰለት ሊበጣጥሰው ይችላል። ባክቴሪያው የሚያድግበት ጋን ብረት ከሆነ የውስጡን ግፊት በ0.2 ባር ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ የመስታወት ጋን ላይ ግን ፈጽሞ አትሞክሩት።

ምርቱ ሲያልቅ ፈሳሹን በንጹሕ ውሃ አቅጥኑት፤ ካልቀጠነ ሴንትሪፉጁ (በፍጥነት እያሽከረከረ የሚለየው መሣሪያ) የባክቴሪያውን ሴሎች አያወርድም። ከዚያ ጨው ጨምራችሁ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ 95 ከመቶ አልኮል አፍስሱ፤ አረቄ ውሃው ስለሚበዛ አይሆንም። አሲዱ እንደ ነጭ ክር ሆኖ ይወጣል። ጨው ካልገባ ግን አልኮሉ ቢበዛም ደመና መስሎ ሊቀር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
ከባሕር ዳር፣ በዘርፉ የምንሠራ ባለሙያዎች