ወደ ፓላሞስ ለምትጓዙ አባላት

ውድ አባላት፣

የዘንድሮው መዳረሻችን ከባርሴሎና በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በኮስታ ብራቫ ዳርቻ ያለችው ፓላሞስ ናት። ባቡር ስለማይደርስባት በአውቶቡስ እንሄዳለን። የሥራ ቀን የመረጥነው በምክንያት ነው፤ ቅዳሜና እሁድ የመረብ ጀልባዎቹ ለሥራ አይወጡም። ጠዋት የዓሣ ማጥመድ ሙዚየሙን እናያለን፤ ዋናው ነገር ግን ከሰዓት በኋላ ጀልባዎቹ ሲመለሱ የሚደረገው ጨረታ ነው። ከተማዋን ያስጠራት ሽሪምፕ ሳይበስልም ቀይ ነው፤ ከጥልቅ የባሕር ሸለቆ ወጥቶ፣ በሣጥን ተደርድሮ፣ ዓይናችሁ እያየ ይሸጣል። ዋጋው ኪስ ያራቁታል፤ ምግብ ቤት ውስጥ ሳትጠይቁ አትዘዙ። ሽሪምፕ የማይበላ አባል የተጠበሰ ሰርዲን አያጣም፤ እኔም ከዚያው ወገን ነኝ። የወደቡ ወለል እርጥብ ስለሆነ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። የምትመጡ እስከ ሐሙስ አሳውቁን።