ስለ ፕሮቶን ራዲየስ የወጣው ጽሑፍ ይታረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ፕሮቶን መጠን ባወጣው ጽሑፍ «የቀድሞዎቹ ተመራማሪዎች ተሳሳቱ፣ አዲሶቹ አረሙት» ብሎ ደምድሟል። ነገሩ ግን ገና አልተቋጨም።

በ2010 ጀርመን ማይንዝ ውስጥ ማሚ በተባለው የቅንጣት ማፋጠኛ ከ180 እስከ 855 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ጉልበት ያላቸው ኤሌክትሮኖች ሃይድሮጂን ላይ ተተኩሰው፣ ከ1400 ገደማ ልኬቶች ራዲየሱ 0.879 ፌምቶሜትር (የሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ) ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት በስዊዘርላንዱ ፖል ሼረር ተቋም፣ በኤሌክትሮን ፈንታ ሙዮን የተባለ ኤሌክትሮን መሰል ቅንጣት የሚዞረው ሃይድሮጂን በሌዘር ተለክቶ 0.8418 ወጣ። ሙዮን ከኤሌክትሮን 207 ጊዜ ስለሚከብድ ፕሮቶኑን ተጠግቶ ይዞራል፤ የፕሮቶኑ መጠንም እዚያ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ኤሌክትሮን በመበተን ራዲየሱ በቀጥታ አይለካም። የሚቆጠረው በየአንግሉ የተበተነው ኤሌክትሮን ነው። ከዚያ የሞመንተም ሽግግሩ (ኤሌክትሮኑ ለፕሮቶኑ የሚያስተላልፈው ሞመንተም) ዜሮ ሲሆን የቆጠራው ኩርባ ምን ያህል እንደሚያዘቀዝቅ ይሰላል፤ ዜሮ ላይ ደግሞ ማንም ሊለካ አይችልም። የሽግግሩ ካሬ 0.01 ጂጋ ኤሌክትሮንቮልት ካሬ ሲሆን፣ ራዲየሱ 0.877 ቢሆን ወይም 0.841 ቢሆን የቆጠራው ልዩነት 0.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ወደ 0.001 ሲወረድ ልዩነቱ በአሥር እጥፍ ያንሳል። ወደ ላይ ሲኬድ የኩርባው ጥምዘት ይገባና መልሱ በተመረጠው ቀመር ይወሰናል። ያንኑ የማይንዝ ዳታ በሌላ ቀመር ተንትነው ወደ 0.84 የደረሱ አሉ።

በ2019 ውጤቱን ያሳተመው የቨርጂኒያው ጀፈርሰን ላብ ፒራድ ሙከራ የተነሳው ይህን አጥብቦ ለመያዝ ነበር። ሃይድሮጂን የያዘ ዕቃ ግድግዳው ራሱ ኤሌክትሮን ይበትናል፤ በትንሽ አንግል ላይ ይህ ቆጠራውን ያበላሻል። ስለዚህ የቀዘቀዘ ጋዝ 4 ሴንቲሜትር ርዝመት ባለው፣ የኤሌክትሮኑ ጨረር በሚገባበትና በሚወጣበት በኩል ቀዳዳ በተተወለት ዕቃ ውስጥ እንዲፈስ ተደረገ፤ የሚያመልጠውን ፓምፖች ይስባሉ። የቀረው ጋዝ ድርሻ ለብቻው ተለክቶ ይቀነሳል። የጋዙን መጠንና የጨረሩን ብዛት በትክክል ማወቅ አዳጋች በመሆኑ፣ ኤሌክትሮን ከኤሌክትሮን ጋር ሲጋጭ የሚታየው ብተና በዚያው መሣሪያ አብሮ ይቆጠራል፤ ሁለቱ ሲካፈሉ ያልታወቀው መጠን ይጣፋል።

አንግሉ ሌላ ጣጣ አለው። በትንሽ አንግል ላይ ቆጠራው ከአንግሉ አራተኛ ርቢ ጋር በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። መመርመሪያው 5 ሜትር ተኩል ገደማ ርቆ ሲቀመጥ፣ 1 ዲግሪ ማለት ከጨረሩ መሀል 9.6 ሴንቲሜትር ነው። እዚያ ላይ ከመሀል ያለው ርቀት በ0.1 ሚሊሜትር ተዛብቶ ቢነበብ ቆጠራው በ0.4 በመቶ ይሳሳታል፤ 7 ዲግሪ ላይ ግን ያው ስህተት 0.06 በመቶ አይሞላም። ይህ ዓይነቱ ስህተት የራዲየስ ልዩነት መስሎ ይታያል። ደግነቱ፣ ሁለቱ የተጋጩ ኤሌክትሮኖች ከመሀሉ ግራና ቀኝ ትይዩ ስለሚያርፉ የጨረሩን መሀል ራሳቸው ያሳያሉ።

ውጤቱ 0.831 ሆነ፤ ከቆጠራ የመጣው ስህተት 0.007፣ ከመሣሪያና ከአሠራር የመጣው 0.012። የሙዮኑን ያህል የጠራ አይደለም፣ ሆኖም ወደዚያው ያዘነብላል። ጽሑፋችሁ የዘለለው ይኸውና፦ የሽግግሩ ካሬ ከ0.01 በላይ ሲሆን የፒራድና የማይንዝ ዳታ እርስ በርስ አይገጥሙም፤ ስለዚህ ሁሉንም በቀመር ምርጫ ማላከክ አይቻልም። ማይንዝ ውስጥ እየተገነባ ያለው ሜሳ ማፋጠኛ፣ በ105 ሚሊዮን ኤሌክትሮንቮልት ጨረርና ግድግዳ በሌለው የጋዝ ዒላማ፣ ይህንኑ ዝቅተኛ ክልል ይለካል ተብሎ ይጠበቃል።

እርማቱን ስታወጡ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የስህተት ወሰኑን አትሙልን።