ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት ውሃውን አስመርምሩ፦ ለጉድጓድ ውሃ ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ በአዳማ ዙሪያ፣ በወንጂ፣ በአዋሽ መልካሳ፣ በወለንጪቲና በዴራ ለምትገኙ ደንበኞቻችን፤

ጤና ይስጥልን። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ወደ ቢሯችን የሚመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «ለግቢያችን ጉድጓድ ጥሩ ማጣሪያ ስጡን» የሚል ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ግን የላቦራቶሪ ውጤት ሳናይ ማጣሪያ አንሸጥም፣ አንገጥምም። ገንዘብ ይዞ የመጣን ሰው መመለስ ምን ማለት ነው የሚል ቅሬታ ስለደረሰን፣ ምክንያታችንን በጽሑፍ ማስረዳት መረጥን።

የአካባቢያችን የጉድጓድ ውሃ የሚበላሽባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ከላይ ይመጣል፤ ከሽንት ቤት፣ ከበረትና ከጎርፍ። ሁለተኛው ከታች ከዓለቱ ይመጣል፤ እርሱም ፍሎራይድ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ምንም አይሠራም። ውሃ ማፍላትና ክሎሪን መጨመር ተሕዋስያንን ይገድላሉ፤ ፍሎራይድን ግን አይነኩም። እንዲያውም ውሃው እየፈላ ሲተን ፍሎራይዱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይከማቻል። በየሱቁ የሚሸጠው የሸክላ ማጣሪያም ድፍርስና ተሕዋስያንን ይይዛል እንጂ ፍሎራይድን አያስቀርም። በፍሎራይድ ምክንያት ጥርሳቸው ለበለዘ ልጆች ብላችሁ ይህን ዕቃ ብትገዙን ገንዘባችሁን ወሰድን ማለት ነው።

ፍሎራይዱ የሚመነጨው ከስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው። ውሃው በዓለቱ ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቆይ ማዕድኑን እያሟሟ ይሄዳል። ካልሲየም በበቂ መጠን ቢኖርበት ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ያዘቅጠው ነበር፤ የእኛ አካባቢ ውሃ ግን በአብዛኛው ሶዲየም የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው ነው። «ውሃችን እኮ ሳሙና ደህና አድርጎ ያረፋል» ብላችሁ የምታመሰግኑት ልስላሴ ከዚሁ ከካልሲየም ማነስ የሚመጣ ነው። ልስላሴው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ እኛ ግን እንዲህ ያለውን ምስጋና ስንሰማ ውሃው ቶሎ እንዲመረመር እንመክራለን። ፍሎራይድ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውምና በዓይንና በምላስ አይታወቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን በመጀመሪያ የሚጎዱት ቋሚ ጥርሳቸው ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለ፣ በግምት እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ቡናማው ቀለም ከጥርሱ ጋር አብሮ የተሠራ ስለሆነ በመፋቂያ አይለቅም። መጠኑ በጣም ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንት ውስጥ ይገባል፤ አንገትና ወገብ ይደርቃል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጥተው የደረሰባቸው የአጥንት ጉዳት በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቧል።

ብዙ ጊዜ የምንከራከርበት ነገር ጥልቀት ነው። «ውሃው መጥፎ ከሆነ ጠለቅ አድርጋችሁ ቆፍሩልን» ትሉናላችሁ። ለተሕዋስያን ከሆነ ሐሳቡ ትክክል ነው። ለፍሎራይድ ግን ጥልቀት ዋስትና አይሆንም፤ ሞቅ ያለና በዓለቱ ውስጥ ረጅም ጊዜ የቆየ ውሃ ላይ ብንደርስ መጠኑ ሊብስ ይችላል። የጎረቤት ውጤትም አያገለግላችሁም፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች በጣም የተራራቀ ውጤት ሊያሳዩ ይችላሉ።

ከላይ ስለሚመጣው ችግር የምንለው አጭር ነው። ጉድጓዱ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከተቻለም ከሽንት ቤቱ ሽቅብ ይሁን። የሲሚንቶ ቀለበቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ክዳን ይኑረው። ከሽንት ቤትና ከበረት ወደ ውሃው የሚገባውን ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገርም አስመርምሩ፤ ወሰኑ በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን ከዚያ ካለፈ በጡጦ ለሚመገብ ሕፃን አደገኛ ነው። እርሱንም ማፍላት አያስወግደውም።

ለፍሎራይድ የሚሆነው ናሙና በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀዳል፤ ጥቂት ቀናት ቢቆይም አይበላሽም። ለተሕዋስያን የሚሆነው ግን ላቦራቶሪው በሚሰጣችሁ ንጹሕ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ በበረዶ ተይዞ በዚያው ቀን መድረስ አለበት። ከሮቶ አትቅዱ፤ ፓምፑን ጥቂት ደቂቃ አስነሥታችሁ ከጉድጓዱ አፍ ቅዱ። የተሕዋስያኑ ምርመራ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ቢደረግ መልካም ነው። ፍሎራይድ ቶሎ ቶሎ ስለማይለዋወጥ አንድ ጊዜ በትክክል መለካቱ፣ ጉድጓዱ ሲጠልቅ ደግሞ መድገሙ ይበቃል። ክፍያውን በቀጥታ ለላቦራቶሪው ትፈጽማላችሁ፤ እኛ ከዚያ ላይ ኮሚሽን አንወስድም።

ውጤቱ ከወሰኑ ካላለፈ ለፍሎራይድ ምንም አትግዙ። ትንሽ ካለፈ መቀላቀል ይበቃ ይሆናል፤ በሊትር 3 ሚሊግራም ያለበት ውሃ ከጣሪያ በንጽሕና ከተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቢቀላቀል ወደ 1.5 ይወርዳል። በጣም ካለፈ ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ የሚያሳልፈውን ማጣሪያ ወይም የአጥንት ከሰል (ከተቃጠለ የእንስሳት አጥንት የሚሠራ) ያለበትን እናቀርባለን። የመጀመሪያው መብራትና ግፊት ይፈልጋል፤ ብዙ ውሃም ይጥላል፤ ስለዚህ የምንገጥመው ለመጠጥና ለምግብ በሚሆነው ቧንቧ ላይ ብቻ ነው። የሚጣለው ውሃ ለጽዳት ይሆናል። የአጥንት ከሰሉ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የመያዝ አቅሙ ሲያልቅ በዓይን አያስታውቅምና በየጊዜው መለካትና መቀየር ግድ ነው። በሃይማኖት ምክንያት አጥንት ያለፈበትን ውሃ የማትጠጡ ደንበኞች አስቀድማችሁ ንገሩን፤ አናስገድድም።

ቀብድ ከፍላችሁ ተራ የምትጠብቁ ደንበኞች ውጤታችሁን ይዛችሁ ኑ። ማጣሪያ የማያስፈልጋችሁ ሆኖ ከተገኘ ቀብዱን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን፤ ደረሰኙን አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉድጓድ ቁፋሮና የውሃ ማጣሪያ ሥራ ክፍል፣ አዳማ