ለእማየ፣ ከሸካ ጫካ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም ከናፍቆትሽ በቀር ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። የእኛን ስልክ ታውቂዋለሽ። ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ዝናብ እየወረደብኝ ቆሜ "እንዴት ነሽ?" ስልሽ "እኔ ምን እሆናለሁ፣ ልጆቹስ?" ብለሽ ወደ ምርቃቱ ትገቢያለሽ፤ ምርቃቱ ሳያልቅ መስመሩ ይቋረጣል። በወረቀት ግን ወሬ ልታስቀይሪኝ አትችይም። ይህን ደብዳቤ ማር ሊገዛ የመጣ ነጋዴ ማሻ ከተማ ያደርሰዋል፣ እዚያ ያለ ባልደረባዬ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለእታለም ይልከዋል። እታለም፣ ሳታስቀሪ አንብቢላት። "ይቺን ዝለያት" ብትልሽ እንዳትሰሚያት።

የልጆቹን ላስቀድም፣ እሱን እንደምትጠብቂ አውቃለሁና።

ትልቁ አራተኛ ክፍል ገብቷል። የማስተምረው እኔው ነኝ፤ ቤት "አባየ" ይለኛል፣ ክፍል ስንገባ "መምህር" ብሎ እጁን ያወጣል። ሲቆጣ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚቆጣው፣ የሚፈልገው ነገር ሲኖር ግን በአማርኛ ይለማመጠኛል። ስምሽን የያዘችው ትንሿ ደግሞ የፊት ጥርሷ ወልቆ ሳቋ ሁሉ ፉጨት ሆኗል። ጥቅምት ስለሆነ የጫካው ቡና መቅላት ጀምሯል፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀዩን እሸት እየመጠጠች፣ ፍሬውን እየተፋች ትመጣለች፣ ጣቷም አገጯም ይጣበቃል። በቀደም "ጎንደር ጫካ አለ?" አለችኝ። "ቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አለ" አልኋት። "እና አያቴ ቤቷ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው?" ብላ ተከራከረችኝ። ሰው ያለ ዛፍ ይኖራል ብላ አታምንም።

ትልቁን አማቴ ወደ ኮቧቸው ይዘውት መሄድ ጀምረዋል። ኮቦ ከአባታቸው የወረሱት የጫካ ድርሻ ነው፤ እዚያ ያሉት ዛፎች ላይ ቀፎ መስቀል የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ይህንንም ማንም ወረቀት ሳይጠይቅ ሁሉም ያከብረዋል። ባለፈው ሚያዝያ ማር ሲቆርጡ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። በሌሊት ነው የሚቆረጠው። የባለቤቴ ወንድም ወገቡን በሐረግ ገመድ አስሮ፣ የሚጨስ ችቦ ይዞ ዛፉን ወጣ፤ አማቴ ከሥር ሆነው ያዝዛሉ። እኛ የምናየው ከላይ እየተፈናጠረ የሚወርደውን የእሳት ብልጭታ ብቻ ነው። ከዚያ ቅርጫቱ በገመድ ወረደ። የማር እንጀራው ገና ሙቀቱ አልወጣም፤ የተደናበሩ ንቦች ላዩ ላይ ተጣብቀው አብረው ወርደዋል። አንዷ ትልቁን ከንፈሩ ላይ ነደፈችው፤ ከንፈሩ እያበጠ "አላመመኝም" ይላል። ማሩ ነጭ ነው፣ ጌተም ከሚሉት ዛፍ አበባ የሚገኝ። ይኸው ጌተም መሬት ሳይነካ በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ በቅሎ ነው እድሜውን የሚጀምረው። የላክሁልሽ ማር እሱ ነበር፣ አክስቴ "ስኳር ተቀላቅሎበታል" ያለችው። አልተቀላቀለበትም በያት።

"እዚያ ጫካ ውስጥ ምን ይዞህ ነው?" ትያለሽ ሁልጊዜ። ጠይቀሽ ግን መልሱን ቆመሽ ሰምተሽ አታውቂም። ጎንደር መስቀል ሲያልፍ ሰማዩ ይጠራል፣ ልብስሽን አጥር ላይ ታሰጪያለሽ። እዚህ ከመጋቢት እስከ ኅዳር ዝናብ ያልጣለበት ሳምንት ብርቅ ነው። ልብስ የሚደርቀው ከምድጃ በላይ ስለሆነ ሁላችንም ጭስ ጭስ እንሸታለን። የላክሽልኝን በርበሬ ቶሎ ቶሎ ካላሞቅሁት ይሻግታል። የአባየ መዝሙረ ዳዊት ቆዳው አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቶ ነበር፤ አሁን ምድጃው አናት ካለው ቆጥ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ጠቁሯል፣ ግን ተርፏል። ከፍታው ከጎንደር ብዙም ስለማይለይ ብርዱን ለምጄው ነው የመጣሁት፤ ያልለመድሁት እርጥበቱን ነው። አንቺ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ እስኪመጣ ጀሪካን ደርድረሽ ሌሊት ትነቂያለሽ፤ የአንገረብ ግድብ በደለል ሞላ ሲባል ስንት ዘመን። እኔ ቤት ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በርሜል ካስቀመጥሁ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ይፈሳል። (የእኛ ዝናብ በባሮ፣ የእናንተ አንገረብ በመገጭና በጣና ዞረው ካርቱም ላይ ይገናኛሉ። ካርታውን ሰሌዳ ላይ ስሥል አንቺ ትዝ ትይኛለሽ።) ጀሪካኑን ግን አሁንም አንቺ ነሽ የምታነሺው? ተይ ብያለሁ። የጓሮው ድንጋይ ያሙለጨልጫል፤ እታለም፣ ያንን ድንጋይ በአመድ አሽታችሁ እጠቡት።

እዚህ ቤትና ቤት አይተያይም። እያንዳንዱ ሰው እንሰቱን ዙሪያውን ተክሎ ከመሐል ይኖራል፤ ከእንሰቱ ወዲያ ጫካ፣ ከጫካው ወዲያ ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲያ የሚቀጥለው ሰው ነው። እናንተ ዘንድ፣ ጎንደር አራዳ፣ ቡና ሲቆላ ጎረቤት በሽታው ይመጣል። እዚህ ቡና ጠጡ የሚባለው ሸለቆ አሻግሮ በጩኸት ነው፣ የተጠራው ሰው ሲደርስ በረካው ላይ ደርሰናል። ጤፍ ይህን ዝናብ አይወደውም፣ ስለዚህ እንጀራ የበዓል ነው፤ የዘወትሩ ቆጮ በጎመን ነው። ቆጮ ቀምሰሽው ቢሆን እንደምታወሪው አታወሪበትም ነበር። በሌሊት የዱር አሳማና ጃርት እንሰቱን ይቆፍሩታል፣ ጠዋት ሚስቴ ስትራገማቸው እነቃለሁ። ወንዙ ሲሞላ ግማሹ የክፍሌ ወንበር ባዶ ይሆናል። እነዚያን ልጆች ቀሪ ብዬ አልመዘግባቸውም፤ መዝገቡ ላይ "ው" ብዬ እጽፋለሁ፣ ውሃ ለማለት። ከወረዳ የመጣ ሱፐርቫይዘር አንድ ቀን ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት፤ ጫማውን አየና ዝም አለ።

ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም. የሸካን ጫካ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል ብዬ ስነግርሽ "ታዲያ መንገድ ለምን አይሠሩበትም?" ነበር ያልሽኝ። እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። አማቴ ግን መንገድ ሲመጣ መጋዙም አብሮ ይመጣል ባይ ናቸው፤ ለሻይ ተክል ተብሎ ጫካው ሲመነጠር በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ትንሿ ስትወለድ ጤና ኬላዋ ያሉት ልጆች ከአቅማችን በላይ ነው አሉ፣ አምቡላንሱ ደግሞ ከዋናው መንገድ ወዲህ አይዘልቅም። ሚስቴን በቀርከሃ ቃሬዛ ወንዶቹ እየተፈራረቁ ተሸክመው አደረሷት። ከተሸከሟት ሰዎች የግማሾቹን ስም እንኳ አላውቅም ነበር።

የዝውውሩን ነገር ዘንድሮም አትጠይቂኝ። ቅጹን አልሞላሁም።

አሁን ወደ አባየ ልምጣ።

አባየ ሲያርፍ ለምን እንዳልነገራችሁኝ አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ምክንያትሽን በሰው በሰው ሰምቻለሁ። "በዚያ ጫካ ብቻውን ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰምቶ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ? ክረምቱ ይውጣና ሰው ልከን እናረዳዋለን" ብለሻል። ደጉን አስበሽ ነው። እንዴት እንደሰማሁት ግን የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። ጉብታው ላይ ወጥቼ ለአጎቴ ልጅ ደወልሁ፣ እንዲሁ ለወሬ። "እንግዲህ የጋሼን ነፍስ ይማር፣ አንተም በርታ" አለኝ፣ የማውቅ መስሎት። "ምን አልህ?" አልሁት። ዝም አለ። ወዲያው ባትሪዬ አለቀ። ስልኩን ከሸሚዜ ሥር ከገላዬ አስጠግቼ ላሞቀው ሞከርሁ፣ አንዳንዴ እንደዚያ ሲያደርጉት ለትንሽ ይነሳል። አልተነሳም። ጎንደር ስደርስ አርባው ወጥቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የእድሩ ሳህንና ወንበር ተመልሶ ነበር። ሰው ሁሉ አልቅሶ ወጥቶለታል። እኔ ገና ስጀምር "በቃ፣ በቃ፣ እናትህን አታስጨንቃት" ተባልሁ። አንቺም ነጠላሽን አስተካክለሽ "ምሳ በላህ?" አልሽኝ።

ብቻውን ነው ማለትሽ ግን አሁንም ድረስ ያበሳጨኛል። የዚያን ቀን ከጉብታው ወርጄ ለሚስቴ ስነግራት ወንድሟ ደጅ ወጥቶ ወደ ሸለቆው ተጣራ። ከማዶ ያለው ሰምቶ ለሚቀጥለው ተጣራ። ሳይነጋ ቤቴ ሞላ፤ በዝናብ፣ በችቦ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መጡ። ከወር ወር ያላየኋቸው ሰዎች ሁሉ ነበሩ። አባየን አይተውት አያውቁም። ስሙን ጠየቁኝ፣ በስሙ አለቀሱለት። አማቴ "ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ብለው እስኪነጋ አስወሩኝ። በቅሎዋን አወራኋቸው፣ የሥላሴን ማኅበር፣ አዘዞ ላይ የተጣላውን ሰውዬ፣ ያቺን የጠላ እንስራ ጉዳይ ሳይቀር። የእንስራውን ሲሰሙ የሳቁም ነበሩ። ስለዚህ አባየን ያለቀስሁት እዚህ ነው፣ እማየ። አንቺ ዘንድ ለማልቀስ ፈልጌ ነበር።

አሁን ደግሞ ያው ነገር ሊደገም ነው። እታለም "ለእማየ ምርመራ ትንሽ ብር ያስፈልገናል" ብላ ጻፈችልኝና መልሳ አጠፋችው። ሳታጠፊው አንብቤዋለሁ፣ እታለም። ስጠይቃት "ጉንፋን ይዟት ነው" አለች። ለጉንፋን ናሙና አይወሰድም። ናሙና መወሰዱን ማን እንደነገረኝ አልነግራችሁም፣ ሰውየውን ትጣሉታላችሁ። አንቺም በስልክ ስትስቂ መሐል ላይ ትንፋሽሽ ያጥርሻል፤ ቀድሞ እንደዚያ አልነበርሽም። የበሽታውን ስም እዚህ ልጽፈው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ምናልባትም አይደለም። ግን ከሆነ ቀድሜ የምሰማው እኔ ልሁን፣ አንቺው ራስሽ ንገሪኝ። ያንቺንም በሰው አፍ፣ ጉብታ ላይ ቆሜ መስማት አልችልም። ቁርጡን ነግሬሻለሁ።

ጠላ ጠምቀሽ እንዳስተማርሽኝ፣ ለዚህ ሥራ ያበቃኝም የአንቺ ድካም እንደሆነ አልረሳሁም። ከዚያ ጋር አታምታቺብኝ።

እንግዲህ የሐኪሙን ወረቀት፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ጥርት አድርጋችሁ ፎቶ አንሱና ለማሻው ባልደረባዬ ላኩት፤ ስልኩን እታለም ይዛዋለች። በሌሊትም ቢሆን ሰው ይልክብኛል፣ ተነጋግረናል። ብር እታለም ሒሳብ ላይ አስገብቻለሁ፣ ለሕክምና ነው። ለሥላሴ ዝክር እንዳታውይው፣ የዝክሩን ለብቻ እልካለሁ። የግፊቱን ኪኒን "ዛሬ ደህና ነኝ" እያልሽ አትዝለይ። የተቀጣጠለ ከሰል ቤት አታስገቢ።

የእኛ መንገድ የሚደርቀው በታኅሣሥ ነው። ለጥምቀት ልጆቹን ይዤ መምጣት ነበር ሐሳቤ፣ ትልቁ ከፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሰው ሲዘል እንዲያይ፤ እሱም እዘላለሁ ብሎ አሁኑኑ ወንዝ ላይ እየተለማመደ ነው። ወረቀቱ ሌላ ነገር የሚል ከሆነ ግን ታኅሣሥን አልጠብቅም። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጃለሁ። ከማሻ በቴፒና በሚዛን አድርጌ ጅማ እደርሳለሁ፣ ከጅማ በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያም በአውሮፕላን አዘዞ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በየብስ ስለማልመጣ በመንገዱ አትጨነቂ፣ ልጆቹንም በዚያ መንገድ አላመጣም።

እታለም፣ አንብበሽ ስትጨርሺ "እሺ ብላለች" ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ወረቀቱን ላኪ።

ልጅሽ