«የመጀመሪያ እትም» ተብለው ስለተሸጡልን የሕፃናት መጻሕፍት የቀረበ ቅሬታ

ሐዋሳ
ለመጽሐፍ መደብሩ የሽያጭና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የገንዘብ ተመላሽና የማስታወቂያ እርማት ስለመጠየቅ

በቴሌግራም ቻናላችሁ «የመጀመሪያ እትም» ብላችሁ ሸጣችሁ ወደ ሐዋሳ ከላካችሁልን የእንግሊዝኛ የሕፃናት መጻሕፍት መካከል ሦስቱ እንደተባለው ሆነው አላገኘናቸውም። ያስከፈላችሁንም የተራ ቅጂ ዋጋ አይደለም። (ከዚህ በታች የመጻሕፍቱ ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ሃሪ ፖተር ኤንድ ዘ ፊሎሶፈርስ ስቶን» ላይ ያቀረባችሁት ማስረጃ «መጀመሪያ የታተመው በ1997» የሚለው መስመር ነው። አሳታሚው ብሉምስበሪ ይህን መስመር በኋለኞቹ ህትመቶችም ላይ እንዳለ ስለተወው ምንም አያረጋግጥም። መታየት ያለበት በዚያው የመብት ገጽ (የአሳታሚው መረጃ በሰፈረበት ገጽ) ያለው የቁጥር ተርታ ነው። ከ10 እስከ 1 ከወረደ የመጀመሪያው ህትመት ነው፤ መጽሐፉ በድጋሚ በታተመ ቁጥር ትንሹ ቁጥር ይሰረዛል። በላካችሁት ቅጂ የቀረው ትንሹ ቁጥር 24 ስለሆነ ሃያ አራተኛ ህትመት ነው። ሻጫችሁ የጠቀሰልን የገጽ 53 ስህተት፣ ማለትም የአስማት በትሩ በትምህርት ቤቱ የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ጊዜ መጻፉ፣ ከታረመ በኋላ በአንዳንድ ህትመቶች ተመልሶ ስለገባ ብቻውን አያስተማምንም።

የሞሪስ ሴንዳክን «ዌር ዘ ዋይልድ ቲንግስ አር» ደግሞ «1963 ዓ.ም» ብላችሁ ለጥፋችኋል። በእኛ አቆጣጠር ከተነበበ ዓመቱን ከሰባት ዓመት በላይ ያዛባል። ከሁሉ የከፋው ግን መጽሐፉ ራሱ ነው። ጀርባው ላይ አይኤስቢኤን (የመጻሕፍት መለያ ቁጥር) እና ባርኮድ አለው፤ አይኤስቢኤን ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው በ1970 ስለሆነ ይህ ቅጂ በ1963 ሊታተም አይችልም። የጃኬቱ (ተነቃዩ የወረቀት መሸፈኛ) እጥፋትም ካልዴኮት ሜዳሊያ ስለሚባለው የአሜሪካ የሥዕል መጻሕፍት ሽልማት ያወራል፤ መጽሐፉ የተሸለመው በ1964 ነው። የሜዳሊያ ተለጣፊ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንከራከርም ነበር፤ ተለጣፊ ማንም ሱቅ በኋላ ሊለጥፈው ይችላል። በእጥፋቱ ላይ የታተመ ጽሑፍ ግን ከሽልማቱ በኋላ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ጃኬት ዋጋው 3.50 ዶላር ሲሆን ሽልማት አይጠቅስም።

«ዘ ካት ኢን ዘ ሃት» (1957) የተለየ ችግር አለበት። በመጀመሪያው ህትመት ጃኬት የፊት እጥፋት ላይ 200/200 የሚል ዋጋ ይገኛል። እናንተ በላካችሁት ላይ ያ ጥግ በመቀስ ተቆርጧል፤ ዋናው መለያ ሳይኖር በምን ተረጋግጦ እንደተሸጠ አልገባንም። የተቀደደውንም በስኮች ለጥፋችሁታል። ሙጫው እየቆየ ወረቀቱን ያቢጫል፣ ሲነቀልም ቀለሙን ይዞ ይነሳል፤ እባካችሁ ይህን አቁሙ።

ለእናንተ የሚጠቅም ነገርም አለ። «ሁለተኛ ህትመት» ብላችሁ በርካሽ ያወጣችሁት የ1980ዎቹ የራንደም ሃውስ መጽሐፍ የመጀመሪያ ነው። ራንደም ሃውስ በዚያ ዘመን በመጀመሪያው ህትመት ላይ «የመጀመሪያ እትም» ብሎ ጽፎ የቁጥር ተርታውን በ1 ፈንታ በ2 ያቆም ነበር፤ የሚቀጥለው ህትመት ላይ «የመጀመሪያ እትም» የሚለው ጽሑፍ ይሰረዛል። ዋጋውን አስተካክሉት።

ስለዚህ ሦስቱን መጻሕፍት በእናንተ ወጪ ተረክባችሁ ገንዘባችንን እንድትመልሱ፣ ማስታወቂያዎቹንም እንድታርሙ እንጠይቃለን። ከእንግዲህ «የመጀመሪያ እትም» ከማለታችሁ በፊት የመብት ገጹን፣ ሁለቱንም የጃኬት እጥፋቶችና የጀርባ ሽፋኑን ፎቶ አንስታችሁ አውጡ። አሳሳች ማስታወቂያ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ መሆኑን እያስታወስን መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
በሐዋሳ የምንገኝ የቆዩ የሕፃናት መጻሕፍት ሰብሳቢዎች