ቁጥሩን ቆርጣችሁ ጥፋቱን ለላቦራቶሪ ሰጣችሁ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ፒያሳ አካባቢ ባሉ ሁለት ክሊኒኮች በአንድ ቀን ተመርምሮ አንዱ «ታይፎይድ አለብህ»፣ ሌላው «የለብህም» ስላለው ሰው ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ተናድጃለሁ። ሐኪም ተጠየቀ፣ የክሊኒክ ባለቤት ተጠየቀ። ደሙን የመረመረውን ግን ማንም ሳይጠይቀው «የላቦራቶሪ ቸልተኝነት» ተብሎ ተፈረደበት። የውጤት ወረቀቶቹን ፎቶ ስታወጡም «ፖዘቲቭ» እና «ኔጋቲቭ» የሚሉትን አስቀርታችሁ ከሥራቸው ያለውን ቁጥር ቆረጣችሁት።

የምርመራው ስም ዊዳል ነው። ዊዳል ባክቴሪያውን አያይም፤ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ያመረተውን አንቲቦዲ ነው የሚፈልገው። ደሙ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ሴረሙ፣ ማለትም ፈሳሹ ክፍል፣ ይለያል፤ አንድ ጠብታው ስላይድ ላይ ከአንቲጅን (ከተገደለ ባክቴሪያ የተዘጋጀ መመርመሪያ ፈሳሽ) ጠብታ ጋር ተቀላቅሎ ለአንድ ደቂቃ ይወዘወዛል። ከተጓጎለ ሪአክቲቭ ነው። አንቲጅኑ ከፍሪጅ እንደወጣ፣ ቅዝቃዜው ሳይለቀውና ሳይናጥ ከተጨመረ መጓጎሉ ይደክማል። ንባቡ ከዘገየ ደግሞ ጠብታው ዳር ዳሩን ይደርቅና የተጓጎለ ይመስላል። ይህ ሲሆን ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አልክድም።

ግን ሁሉም በትክክል ቢሠራስ? ሪአክቲቭ የሆነው ሴረም 80፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5 ማይክሮሊትር እየተወሰደ እንደገና ይሠራል፤ ከ1:20 እስከ 1:320 ያለው ቁጥር የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ባነሰ ሴረም ከተጓጎለ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አንዱ ክሊኒክ 1:80ን ፖዘቲቭ ሲል ሌላው ከ1:160 በታች ያለውን አይቆጥርም። ያው ሴረም፣ ያው ቁጥር፣ ሁለት ወረቀት! እናንተ የቆረጣችሁት ይህንኑ ነው።

ቀድሞ ታይፎይድ የያዘው ወይም በሌላ የሳልሞኔላ ዝርያ የታመመ ሰው ዛሬ ታይፎይድ ሳይኖርበት ሊጓጎል ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት የመጣ እውነተኛ ታማሚ ደግሞ አንቲቦዲው ገና ስላልተነሳ ኔጋቲቭ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ማዘዣው ላይ ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደሆነው፣ መድኃኒት ጀምሮ እንደሆነ መጻፍ ነበረበት። የሚደርሰን ግን «ዊዳል፣ ዌል-ፌሊክስ» (ሁለተኛው የታይፈስ ምርመራ ነው) ከሚል በቀር ባዶ የሆነ ወረቀት ነው።

ከዊዳል ይልቅ የሚታመነው የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ ማየት፣ ነው። አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ከአዋቂ 10 ሚሊሊትር ገደማ ደም ተቀድቶ እስከ 7 ቀን ይጠበቃል። ከሰፈር ክሊኒኮች ይህን የሚሠራው ስንቱ ነው? ዘጋቢያችሁ ይህን ቢጠይቅ ዘገባው አንባቢን በጠቀመ ነበር።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ፎቶውንም ቁጥሩ ሳይቆረጥ አትሙት።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከአራዳ ክፍለ ከተማ