ሁለት ቦታ አስቀምጪው

ይድረስ ለልጄ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ክረምት ሲገባ ያው እንደምታውቂው ነው።

ወንድምሽ ሁሉንም ነግሮኛል። አትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያወጣጣሁት። ላፕቶፕሽ ላይ ሻይ ተደፋ፣ የሦስት ወር ሥራሽ ጠፋ፣ አንቺም እህል አልቀምስ ብለሽ ተኝተሻል። የኔ ልጅ፣ ይሄም ያልፋል። ግን እንዴት አንድ ቦታ ብቻ ታስቀምጫለሽ? ያውም አንቺ! የጠፋ መጽሐፍ የምታጠኚው ልጅ!

ያን ሰውዬሽን፣ ግሪካዊውን ታሪክ ጸሐፊ አጋታርኪደስን፣ ያስተዋወቅሽኝ አንቺ ነሽ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ኤርትራ ባሕር (ያኔ ቀይ ባሕርንና ከዚያ ወዲያ ያለውን ውቅያኖስ እንዲህ ይሉት ነበር) 5 መጻሕፍት ጻፈ። ስለ አውሮፓ 49፣ ስለ እስያ ደግሞ 10። ዛሬ አንዱም ሙሉውን የለም። ስለ ባሕሩ የጻፈው የደረሰን ሌሎች ስለቀዱት ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ ለራሱ መጽሐፍ ወሰደለት። 1000 ዓመት ያህል ቆይቶ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎጢዮስ ከ1ኛውና ከ5ኛው መጽሐፍ ቀነጨበ። እሱ የጻፈላቸውን፣ በግብፅ ወርቅ ማውጫ ውስጥ መብራት ግንባራቸው ላይ አስረው ዐለት የሚፈልጡትን እስረኞች ሁለቱም ቀድተዋቸዋል። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ማስተያየት ይቻላል ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። አየሽ? ሁለት ቦታ!

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ የግብፅ ንጉሥ ዝሆኖቹን አትግደሉብኝ፣ በሕይወት እፈልጋቸዋለሁ ሲላቸው፣ የግብፅን መንግሥት በሙሉ ብትሰጠን አንተውም ያሉት አዳኞች እናትሽን እስካሁን ያስቋታል። «ልክ እንዳንተ» ትለኛለች።

አጋታርኪደስ መጨረሻ ላይ አርጅቻለሁ፣ በግብፅ ሁከት የተነሳም መዛግብቱን እንደልብ መመርመር አልተቻለም ብሎ ማቆሙን ስትነግሪኝ ዝም አልኩ። እንቅልፍ ይዞኝ አልነበረም። የአያትሽ ደብተሮች ትዝ ብለውኝ ነው።

አባቴ ማታ ማታ በኩራዝ ይጽፍ ነበር። የእህል ዋጋ፣ ማን እንደሞተ፣ ዝናቡ መቼ እንደገባ። ሲሞት 11 ደብተር ተወ። እኔ 17 ዓመቴ ነበር። ሰፈራችን ያለው ባለሱቅ ወረቀት በኪሎ ይገዛል። ሸጥኩለት። በገንዘቡ ሲኒማ ገባሁ። ፊልሙን እንኳ አላስታውሰውም። ከሳምንት በኋላ አክስትሽ በርበሬ ገዝታ መጣች። መጠቅለያው የአባቴ ጽሑፍ ነው! እየሮጥኩ ሱቁ ብደርስ ሌላው አልቋል። ይህን ለእናትሽም በደንብ አልነገርኳትም።

አሁን ስሚኝ። ነገ ጠዋት ፍላሽ ግዢ። የተረፈሽን ለራስሽ በኢሜይል ላኪው። ለአስተማሪሽ እውነቱን ተናገሪ፣ ታምሜ ነበር ምናምን እንዳትዪ። ፓስፖርትሽንም ኮፒ አድርጊ። ሽሮና በሶ በሰው ልከናል፤ ሽሮውን ፍሪጅ ውስጥ አትርሺው። ብይ! የጻፍሽውን ሁሉ ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ሦስተኛ ጊዜ አልናገርም። እናገራለሁም።

ያቺ የበርበሬ ወረቀት እኔ ጋ አለች። «ትኩሳቱ ዛሬ ለቀቀው። ልጁ ወተት ጠጣ። እኔም» ይላል፣ ከዚያ ተቀዷል። ልጁ እኔ ልሁን አጎትሽ፣ አላውቅም። 40 ዓመት ሙሉ «እኔም» ምን ሊል ነበር እያልኩ እጠይቃለሁ።

ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። አንቺ ጋ ይቀመጥ። ለወንድምሽም አስተላልፊለት።

አባትሽ